ጭንቅላቱ ውስጥ ውሃ የቋጠረ ሕፃንን ማሳደግ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ጽሑፍ ልጃቸው ሃይድሮሴፋለስ እንዳለበት ለተነገራቸው ወይም የልጃቸው ራስ ከእኩዮቹ በላይ ሲያድግ አይተው ለተጨነቁ ወላጆች የተዘጋጀ ነው። ሃይድሮሴፋለስ በተለምዶ «ጭንቅላት ውስጥ ውሃ መቋጠር» የሚባለው ችግር ሲሆን፣ ለብቻው ሊመጣ ይችላል፤ ስፓይና ባይፊዳ ከሚባለው የጀርባ አጥንት ክፍተት ጋርም አብሮ ሊከሰት ይችላል። እዚህ የምንነጋገረው ከተወለዱ ጀምሮ አምስት ዓመት እስኪሞላቸው ስላሉ ልጆች ነው።

በልጄ ጭንቅላት ውስጥ ያለው ውሃ ከየት መጣ?

ፈሳሹ ከውጭ የገባ ነገር አይደለም። የማንኛውም ጤነኛ ሰው አንጎል በውስጡ ባሉት አራት ክፍተቶች ጥርት ያለ ፈሳሽ ያመነጫል። በአዋቂ ሰው በቀን ግማሽ ሊትር ያህል ይመነጫል፤ በአንድ ጊዜ በአንጎልና በኅብለ ሰረሰር ዙሪያ የሚገኘው ግን 150 ሚሊ ሊትር ገደማ ብቻ ነው፤ የተቀረው ዙሩን ጨርሶ ወደ ደም ይመለሳል። መተላለፊያው ከተዘጋ ወይም ፈሳሹ ወደ ደም መመለስ ካልቻለ፣ ማመንጨቱ ስለማይቆም የተጠራቀመው ፈሳሽ ክፍተቶቹን እየለጠጠ አንጎልን ከውስጥ ወደ ውጭ ይገፋል። የሕፃን የራስ ቅል አጥንቶች ገና ስላልተጋጠሙ ግፊቱን ተከትለው ይሰፋሉ፤ ራሱ የሚተልቀውም በዚህ ምክንያት ነው።

መነሻው ከልጅ ልጅ ይለያያል። በአንዳንዶች ሦስተኛውንና አራተኛውን ክፍተት የሚያገናኘው ቀጭን ቦይ ከማህፀን ጀምሮ ጠቦ ይፈጠራል። ስፓይና ባይፊዳ ባለባቸው ልጆች የኋለኛው የአንጎል ክፍል ወደ አንገት ዝቅ ብሎ መተላለፊያውን ያጣብባል። በሌሎች ደግሞ ጊዜያቸው ሳይደርስ በመወለዳቸው አንጎላቸው ውስጥ ደም ይፈስሳል፣ ወይም በተወለዱ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ማጅራት ገትር ወይም ሌላ ከባድ ኢንፌክሽን ይይዛቸዋል፤ ይህ የመጨረሻው በምሥራቅ አፍሪካ በብዛት የሚታይ መነሻ ነው። የልጅዎ ችግር ከየትኛው እንደሆነ ሐኪሙን ይጠይቁ፤ ለቀዶ ሕክምናው ምርጫም ሆነ ለሚቀጥለው እርግዝና መልሱ ያስፈልግዎታል።

ጥፋቱ የእኔ ይሆን?

አይደለም። ይህን ጥያቄ ከሁሉ በፊት እናቶች፣ ብዙ ጊዜም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይጠይቁታል፤ አባቶች የሚጠይቁት ከስንት አንዴ ነው። የአንጎልና የኅብለ ሰረሰር መነሻ የሆነው ቱቦ ተዘግቶ የሚያልቀው ከጽንስ በኋላ በ28 ቀን ውስጥ ነው፤ በዚያን ጊዜ ብዙ ሴቶች ማርገዛቸውን እንኳ አያውቁም። ከባድ ዕቃ ማንሳት፣ መደንገጥ፣ ከጎረቤት መጣላት ወይም የሰው ዓይን ይህን ችግር አያመጣም፤ የእርግማን ወይም የቁጣ ምልክትም አይደለም።

በቤተሰብ ውስጥ ጣት መቀሳሰር ከተጀመረ የሚጎዳው ሕፃኑ ነው፤ ምክንያቱም ወደ ሕክምና የሚወስደው፣ ማታ የሚነሣለትና ሲታመም የሚያስተውለው ሰው በአንድ ጊዜ ኃይሉንም ልቡንም ያጣል። ስለዚህ ሐኪሙ ውጤቱን ሲያስረዳ ባልና ሚስት አብረው ቢገኙ፣ ከተቻለም አያት ወይም አክስት ቢጨመሩ እንመክራለን። አንዲት እናት ቤት ተመልሳ የአማቷን ጥያቄ ሁሉ ብቻዋን እንድትመልስ ማድረግ ተገቢ አይደለም።

የልጄን ራስ ቤት ውስጥ መለካት እችላለሁ?

ይችላሉ፤ ጠቃሚም ነው። የማይለጠጥ የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። ጸጉሩ ከተጎነጎነ ይፍቱት፤ ሜትሩን ከቅንድቡ ትንሽ ከፍ አድርገው፣ ከጆሮዎቹ በላይ አሳልፈው፣ ከኋላ ራሱ በጣም በሚወጣበት ቦታ ላይ ያዙሩት። ሦስት ጊዜ ለክተው ትልቁን ቁጥር ከነቀኑ በክትባት ካርዱ ጀርባ ወይም በደብተር ላይ ይጻፉት። ሁልጊዜ አንድ ሰው ቢለካ ይመረጣል።

ቀኑን ጠብቆ የተወለደ ሕፃን የራስ ዙሪያ በአማካይ 35 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በወር 2 ሴንቲ ሜትር፣ ከሦስት እስከ ስድስት ወር በወር 1 ሴንቲ ሜትር፣ ከዚያ እስከ ዓመቱ ደግሞ በወር ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ይጨምራል። ከአንድ ቁጥር ይልቅ የዕድገቱ ፍጥነት ብዙ ይናገራል። አባቱም አያቱም ራሰ ትልቅ ሆነው፣ የልጁም ራስ ትልቅ ሆኖ ዕድገቱ ግን በመደበኛው ፍጥነት ከሄደ ብዙ ጊዜ አያሰጋም፤ ትንሽ የነበረ ራስ በአንድ ወር ውስጥ አራት ሴንቲ ሜትር ቢጨምር ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ መሄድ ይገባል። በጤና ጣቢያ ብዙ ጊዜ ሕፃኑ ይመዘናል እንጂ ራሱ አይለካም፤ ስለዚህ «እባክዎ ራሱንም ይለኩልኝ» ብሎ መጠየቅ የወላጅ መብት ነው።

ወዲያውኑ ወደ ሕክምና የሚያስኬዱ ምልክቶች የትኞቹ ናቸው?

ሕፃኑ ሳያለቅስ፣ ቀና አድርገው ይዘውት ሳለ እርግብግቢቱ ከተወጠረና ወደ ላይ ከወጣ፤ የራሱ ቆዳ ስስና አብለጭላጭ ሆኖ ደም ሥሮቹ ጎልተው ከታዩ፤ ዓይኖቹ ወደ ታች ወርደው ከብሌኑ በላይ ነጩ ከታየ፤ በተደጋጋሚ ካስመለሰ፣ ጡት መሳብ ከቀነሰ፣ ያለ ልማዱ ከተኛ ወይም በማባበል የማይቆም ሹል ለቅሶ ካለቀሰ ዛሬውኑ ይሂዱ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በአጽንዖት ማለት እንፈልጋለን። የሚያስመልስና የሚያለቅስ ሕፃን በብዙ አካባቢዎች «ግግ ነው» ተብሎ ድዱ ይወጋል ወይም እንጥሉ ይቆረጣል። ይህ ግፊቱን ቅንጣት አይቀንስም፤ ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ይጨምርበታል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ አንጎሉን ማዳን ይቻልባቸው የነበሩትን ቀናት ይወስድበታል።

ምርመራው ራሱ ከባድ አይደለም። እርግብግቢቱ ክፍት እስከሆነ ድረስ በእርሱ በኩል በሚደረግ አልትራሳውንድ ክፍተቶቹ መስፋታቸው ይታያል። ሲቲ ስካን ወይም ኤምአርአይ የሚታዘዘው ምክንያቱን ለማወቅና ቀዶ ሕክምናውን ለማቀድ ነው።

በመድኃኒት ብቻ አይድንም?

አይድንም። የፈሳሹን ምርት ለጊዜው የሚቀንሱ መድኃኒቶች ቢኖሩም የተዘጋውን መንገድ አይከፍቱም፤ ቀዶ ሕክምናን የሚተካ እንክብል ወይም ሽሮፕ የለም።

ቀዶ ሕክምናው ምን ያደርጋል?

ሁለት መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው ሻንት ነው፤ ከአንጎል ክፍተት ተነሥቶ ከጆሮ ኋላ ባለ ቫልቭ (ፈሳሹን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ በሚያሳልፍ መቆጣጠሪያ) በኩል አልፎ፣ በአንገትና በደረት ቆዳ ሥር ወርዶ ፈሳሹን ወደ ሆድ ዕቃ የሚያደርስ ቀጭን ቱቦ ነው። ሆድ ፈሳሹን መጥጦ ወደ ደም ይመልሰዋል። ጣትዎን ከጆሮው ኋላ ቢያሳርፉ ቫልቩን እንደ ትንሽ እብጠት ያገኙታል፤ ሐኪሙ ካላዘዘ በቀር ግን አይጫኑት። በሰፊው ሥራ ላይ ከዋሉት የመጀመሪያዎቹ ቫልቮች አንዱን የሠራው አባት ነበር፤ በአሜሪካ ፊላዴልፊያ የማሽን ባለሙያ የነበረው ጆን ሆልተር ኬሲ የተባለው ልጁ ከስፓይና ባይፊዳና ከሃይድሮሴፋለስ ጋር በተወለደ ጊዜ፣ ከነርቭ ቀዶ ሐኪሙ ዩጂን ስፒትዝ ጋር እየተመካከረ እ.ኤ.አ. በ1956 ለአገልግሎት አበቃው።

ሁለተኛው መንገድ ቱቦ አያስገባም። ሐኪሙ ኢንዶስኮፕ በተባለ ካሜራ ያለው ቀጭን መሣሪያ ወደ ሦስተኛው ክፍተት ገብቶ ወለሉ ላይ ትንሽ ቀዳዳ በመክፈት ፈሳሹ መዘጋቱን አልፎ የሚወጣበት አዲስ መንገድ ያበጃል። አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ቤንጃሚን ዎርፍ በኡጋንዳ ምባሌ ከተማ በሠራበት ዘመን፣ ከዚህ ጋር ፈሳሹን የሚያመነጨውን ኅብረ ሕዋስ መተኮስን ጨመረበት። እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው ውጤት፣ ከአንድ ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ቀዳዳው ብቻውን በ47 በመቶው ሲሠራ፣ ሁለቱ አንድ ላይ ሲደረጉ ወደ 66 በመቶ ከፍ ብሏል። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው፣ እዚያው ኡጋንዳ በ100 ሕፃናት ላይ የተደረገው ንጽጽር ደግሞ ከዓመት በኋላ በአእምሮ ዕድገት በኩል በሻንትና በዚህ ዘዴ መካከል ጉልህ ልዩነት አላሳየም። ለየትኛው ልጅ የትኛው እንደሚሻል የሚወስነው የመዘጋቱ ቦታና ምክንያት፣ የልጁ ዕድሜ እንዲሁም የሐኪሙ ልምድ ነው።

በኢትዮጵያ ይህ ቀዶ ሕክምና በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳና በዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታሎች፣ የነርቭ ቀዶ ሐኪም ባላቸው የክልል ሪፈራል ሆስፒታሎችም ይሰጣል። ሪፈር ሲጻፍልዎት «አስቸኳይ» የሚለው መጻፉን ያረጋግጡ። ውድ ሻንት ማስመጣት ያልቻሉ ወላጆችም አይዘኑ፤ በኡጋንዳ 195 ልጆች ላይ የተደረገ ጥናት ቻብራ የተባለውን የህንድ ሻንት ብዙ እጥፍ ከሚወደድ ሻንት ጋር አወዳድሮ ከዓመት በኋላ በውጤታቸው ልዩነት አላገኘም።

ቀዶ ሕክምናው ከተደረገ በኋላ ራሱ ይቀንሳል?

ውጥረቱ ይላላል፣ እርግብግቢቱም ይለሰልሳል፤ የተለጠጠው አጥንት ግን ወደ ነበረበት አይመለስም። ዕድገቱ ወደ መደበኛው ስለሚወርድ ሰውነቱ ቀስ በቀስ ራሱን ይደርስበታል። ዘግይተው የታከሙ ልጆች ራስ ትልቅ ሆኖ ሊቀር ይችላል። እርግብግቢቱ ወደ ውስጥ በጣም ከሰረጎደ ፈሳሹ ከሚገባው በላይ እየወጣ ሊሆን ስለሚችል ለሐኪሙ ይንገሩ።

ሻንቱ መዘጋቱን ወይም ኢንፌክሽን መፍጠሩን በምን አውቃለሁ?

ይህ ወላጅ ከሁሉ ይልቅ ጠንቅቆ ሊያውቀው የሚገባ ጉዳይ ነው፤ ሆስፒታሉ ልጁን የሚያየው በቀጠሮ ቀን ነው፣ እርስዎ ግን በየሰዓቱ ያዩታል። በልጆች ላይ ከሚገቡት ሻንቶች ከሦስቱ አንዱ፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ፣ በመጀመሪያው ዓመት ይበላሻል። ይህ የሐኪሙ ስንፍና ወይም የቤተሰቡ ቸልተኝነት ምልክት አይደለም፤ ቱቦው በኅብረ ሕዋስ ይዘጋል፣ ይላቀቃል፣ ወይም ልጁ ሲያድግ ያጥራል።

ሲዘጋ በሕፃኑ ላይ ከላይ የዘረዘርናቸው ምልክቶች ተመልሰው ይመጣሉ። እርግብግቢቱ በተዘጋ ልጅ ላይ ግን ምልክቱ ስውር ነው፦ ጠዋት ሲነሣ የሚብስ ራስ ምታት፣ ያለ ተቅማጥ የሚመጣ ትውከት፣ አዲስ የዓይን መንሸዋረር፣ መሰናከል መብዛት፣ የተማረውን መርሳት፣ እንቅልፍ መብዛት። ኢንፌክሽን አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ሲሆን፣ ትኩሳት፣ በቱቦው መስመር ላይ መቅላት፣ ከስፌቱ ፈሳሽ ወይም መግል መውጣት፣ የሆድ ሕመም ያሳያል። ወባ በሚበዛበት አካባቢ የሚኖሩ ከሆነ ትኩሳቱ ለወባ ብቻ ታክሞ እንዳይታለፍ ሻንት እንዳለው ደጋግመው ይናገሩ።

በቀዳዳ የታከመ ልጅም ከዚህ ጥንቃቄ ነፃ አይደለም፤ ቀዳዳው ከዓመታት በኋላም ድንገት ሊዘጋ ይችላል። የቀዶ ሕክምናውን ወረቀት ፎቶ አንሥተው በስልክዎ ይያዙ፤ ከእርስዎ ሌላ ልጁን የሚጠብቅ ሰውም ምልክቶቹን ይወቅ። «ዛሬ ልጄ ልጄ አይመስለኝም» የሚል የእናት ቃል ለሐኪም በቂ ምክንያት ሊሆን ይገባል ብለን እናምናለን።

ቅቤ መቀባት፣ ገላ ማጠብና ጸበል መውሰድ እንችላለን?

ስፌቱ ደርቆ ሐኪሙ እስኪፈቅድ ድረስ ራሱን አያርጥቡት፤ ሰውነቱን በእርጥብ ጨርቅ ማጽዳት ይበቃል። እርግብግቢት ላይ ቅቤ ማድረግ በብዙ ቤት የፍቅር ሥራ መሆኑን እናውቃለን፤ ቁስል ባለበት ራስ ላይ ግን ቅቤ፣ ቅጠልም ሆነ ቅባት ተሕዋስያንን በቀጥታ ወደ ቱቦው ሊያደርስ ስለሚችል ፈጽሞ አያድርጉ። ጸበልም ቢሆን ቁስሉ ከዳነ በኋላ ይሁን፤ መድኃኒቱና ቀጠሮው ሳይቋረጥ። ካህኑን ቢያማክሩ ብዙዎቹ ይህንኑ ይነግሩዎታል። ልጁን በቫልቩ በኩል አያስተኙት።

ልጄ ይራመዳል? ይናገራል?

በመጀመሪያው ዓመት ለዚህ ጥያቄ በእርግጠኝነት «አዎ» ወይም «አይ» የሚል ሰው ካጋጠመዎት አይመኑት። በምስሉ ላይ አንጎሉ ቀጭን ሆኖ የታየ ልጅ ተምሮ ሊያድግ ይችላል፤ ምስሉ የተሻለ የሚመስለውም ብዙ እገዛ ሊፈልግ ይችላል። ውጤቱን የሚወስኑት የችግሩ መነሻ፣ ግፊቱ ሳይታከም የቆየበት ጊዜ፣ ኢንፌክሽን መኖር አለመኖሩና ከዚያ በኋላ የሚያገኘው እንክብካቤ ናቸው። በጥቅሉ በኢንፌክሽን ምክንያት የመጣው ከሌሎቹ ይልቅ አንጎልን ይጎዳል።

ብዙዎቹ ልጆች አንገት ማጽናትም መቀመጥም ይዘገያሉ፤ ከባድ ራስ መሸከም ራሱ ሥራ ነውና። አንዳንዶቹ አፋቸውን በጊዜ ፈተው አጥርተው ያወራሉ፣ ነገር ግን የሚሉትን ሁሉ ላይረዱት ይችላሉ፤ ቆጠራና አቅጣጫ መለየትም ይከብዳቸዋል። ዓይን መንሸዋረር የተለመደ ስለሆነ የዓይን ምርመራ አይዝለሉ።

እኔ ቤት ውስጥ ምን ላድርግ?

ብዙ ሊያደርጉ ይችላሉ፤ ውድ ዕቃም አያስፈልግም። በየቀኑ፣ ነቅቶና ደስ ብሎት ሳለ፣ ደረቱ ሥር የተጠቀለለ ነጠላ አድርገው በሆዱ ያስተኙት፤ ፊት ለፊቱ ተንበርክከው በስሙ ይጥሩት። እርስዎን ለማየት ራሱን ቀና ባደረገ ቁጥር የአንገቱና የጀርባው ጡንቻ ይሠራል። መጀመሪያ ላይ ሁለት ደቂቃ እንኳ ሊያስለቅሰው ይችላል፤ ያንሡት፣ ያባብሉት፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ይሞክሩ።

ሲያነሡት አንድ እጅዎ ሁልጊዜ ከራሱ ሥር ይሁን። ራሱ በጣም ትልቅ ከሆነ በአንድ ጎን ብዙ በመተኛት ቆዳው እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ ጎኑን ይለውጡ። አንገቱ ያልጸና ልጅ ሲታዘል ራሱ ወደ ኋላ እንዳይወድቅ አንቀልባው ከፍ ብሎ አንገቱን መያዝ አለበት። ሲመግቡት ከፊል ተቀምጦ ይሁን፤ አጋድሞ በእጅ ማጠጣት ምግቡን ወደ ሳንባው ይልካል።

ያነጋግሩት። እንጀራ ሲጋግሩ፣ ቡና ሲቆሉ ከጎንዎ አስቀምጠው የሚያደርጉትን ይንገሩት፤ ምጣዱን ያሳዩት፣ የቡናውን ሽታ ያሽትቱት። ስለ ሰው ወሬ በመፍራት ከኋላ ክፍል የተደበቀ ልጅ ጤነኛ አንጎል ቢኖረው እንኳ ይዘገያል፤ ይህ ልጅ ከማንም በላይ የሰው ፊትና ድምፅ ያስፈልገዋል። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ካገኙ የሚያሳይዎትን እንቅስቃሴ በስልክ ይቅረጹ፤ የወር አንድ ቀጠሮ የሚጠቅመው በቤት ሲደገም ነው።

ቢያንቀጠቅጠውስ?

ከእነዚህ ልጆች አንዳንዶቹ የሚጥል በሽታ ይይዛቸዋል። በጎኑ ያስተኙት፣ አንገቱ ላይ ያለውን ልብስ ያላሉ፣ ሰዓት ይመልከቱ። አፉ ውስጥ ማንኪያ ወይም ጣት አያስገቡ፤ ክብሪት ጭሮ ማሽተት አይረዳም፣ ሊያቃጥለውም ይችላል። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ፣ ከተደጋገመ ወይም የመጀመሪያው ከሆነ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት፤ አንቀጥቅጦት የማያውቅ ባለሻንት ልጅ ላይ የሻንት መዘጋት ምልክት ሊሆን ይችላል።

ክትባት ይከለከላል?

አይከለከልም። ማጅራት ገትርን ከሚያመጡ ተሕዋስያን የሚከላከሉት ክትባቶች በተለይ ለዚህ ልጅ ያስፈልጋሉ።

ስፓይና ባይፊዳም ካለበት ምን ይጨመራል?

የሽንቱ ነገር ይጨመራል። ወደ ፊኛ የሚሄደው ነርቭ ስለሚጎዳ ሽንቱ ሙሉ በሙሉ አይወጣም፤ የቀረው ወደ ኩላሊት ተመልሶ ለዓመታት በዝምታ ሊያበላሸው ይችላል። ዳይፐሩ መርጠቡ ፊኛው ባዶ መሆኑን አያረጋግጥም። ንጹሕ ካቴተር (ቀጭን የሽንት ቱቦ) በየሦስት እስከ አራት ሰዓቱ አስገብቶ ሽንቱን ማውጣትን ወላጆች በአጭር ሥልጠና ይለምዱታል፤ ልጁም ሲያድግ ራሱ ያደርገዋል። ድርቀት ካለበት ይታከም። እግሩ ስሜት ከሌለው ከምድጃና ከሙቅ ውሃ ይጠብቁት። እነዚህ ልጆች ለላቴክስ ጎማ አለርጂ ስለሚጋለጡ የሚነፋ የጎማ ፊኛ ለመጫወቻ አይስጧቸው፤ ጓንት ለሚጠቀሙ ባለሙያዎችም ይንገሩ።

አፀደ ሕፃናት ይቀበሉታል?

ሊቀበሉት ይገባል። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን ዓለም አቀፍ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2010 አጽድቃለች፤ አካቶ ትምህርትም የዚያ አካል ነው። በተግባር ግን «ቢወድቅብንስ?» የሚል ፍርሃት ያጋጥማል። ሻንት ያለው ልጅ ሮጦ መጫወት እንደሚችልና ራስን የሚመታ ግጥሚያ ብቻ እንደሚከለከል የሚገልጽ፣ የአደጋ ምልክቶችና ስልክ ቁጥር ያሉበት አንድ ገጽ ከሐኪሙ ይዘው ይሂዱ። ከፊት ወንበር ያስቀምጡት ዘንድ ይጠይቁ።

ከአገር ውጭ ለምንኖር ወላጆችስ?

በአሜሪካ ልጁ ሦስት ዓመት እስኪሞላው ድረስ የየስቴቱ የቅድመ ጣልቃ ገብነት ፕሮግራም ያለ ክፍያ ይገመግመዋል፤ ሐኪም እስኪልክዎ መጠበቅ አያስፈልግም፣ ራስዎ ደውለው መጠየቅ ይችላሉ፣ ግምገማውና የመጀመሪያው የዕቅድ ስብሰባም በ45 ቀን ውስጥ መካሄድ አለበት። ከሦስት ዓመት በኋላ ኃላፊነቱ ወደ ትምህርት ቤቱ ዲስትሪክት ያልፋል። በእስራኤል መግቢያው ብዙውን ጊዜ ጢፓት ሐላብ በተባለው የእናቶችና ሕፃናት ጤና ጣቢያ በኩል ወደ ልጆች ዕድገት ማዕከል ነው። በሁለቱም ቦታ አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ ትልቁን ልጅዎን ስለ ወንድሙ አንጎል እንዲያስተረጉም አያድርጉት። አንዳንድ ዘመናዊ ቫልቮች በማግኔት ስለሚስተካከሉ ከኤምአርአይ በኋላ መፈተሽ አለባቸው፤ ወደ አገር ቤት ሲመጡ የቫልቩን ዓይነት የሚገልጸውን ካርድ ይዘው ይምጡ።

ዳግመኛ ባረግዝስ?

የመጀመሪያው ልጅ ስፓይና ባይፊዳ ከነበረበት ፎሊክ አሲድ ትልቅ ለውጥ ያመጣል። እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመው የብሪታንያ የሕክምና ምርምር ካውንስል ጥናት ከእርግዝና በፊት ጀምሮ በቀን 4 ሚሊ ግራም መውሰድ ችግሩ ዳግመኛ የመከሰቱን ዕድል በ72 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። ይህ መጠን ለማንኛዋም ሴት ከሚመከረው 0.4 ሚሊ ግራም በአሥር እጥፍ ስለሚበልጥ በሐኪም ይታዘዝልዎት። በእርግዝና ክትትል የሚሰጠው የብረትና ፎሊክ አሲድ እንክብል ለእናቲቱ ደም ጠቃሚ ቢሆንም፣ ለዚህ ችግር ዘግይቶ ይደርሳል፤ የአንጎልና የኅብለ ሰረሰር መነሻ የሆነው ቱቦ በ28ኛው ቀን ተዘግቷልና። ስለዚህ ለማርገዝ ከማሰብዎ ቢያንስ አንድ ወር ቀድመው ጀምረው እስከ 12ኛው ሳምንት ይውሰዱ። ለሚጥል በሽታ ቫልፕሮኤት የሚወስዱ ከሆነ መድኃኒቱ ይህ ችግር የመከሰቱን ዕድል ስለሚጨምር፣ በራስዎ ሳያቋርጡ፣ ስለ መለወጡ አስቀድመው ሐኪምዎን ያማክሩ።

የልጅዎ ችግር ከቦዩ መጥበብ የመጣ ከሆነ ፎሊክ አሲድ አይከላከለውም። በእናት በኩል ባሉ ወንዶች ልጆች ላይ ከተደጋገመ በዘር የሚተላለፍ ዓይነት ሊሆን ስለሚችል ይህንኑ ለሐኪሙ ይንገሩ። በየትኛውም ሁኔታ ከ18ኛው እስከ 20ኛው ሳምንት አልትራሳውንድ ይነሡ፤ ለሚያነሣው ባለሙያም የመጀመሪያው ልጅ ምን እንደነበረበት አስቀድመው ይንገሩት፤ የአንጎሉን ክፍተቶችና የጀርባውን አጥንት ለይቶ እንዲያይ።